አውራ ጣት በቀኝ ደረት ላይ

ልብስ ሰፊው ጋሽ ልክ መጀመሪያ ኮቱን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ያስተኛል። ቁልፎቹን ቆርጦ ባዶ ጣሳ ውስጥ ይጥላቸዋል። ኪስ ውስጥ የቀረ የማስቲካ ወረቀት ካለ ያወጣል። ቀጥሎ ምላጭ ያነሳል። አዲስ ምላጭ ጨርቅ ይበላል ስለሚል ሳምንት የሠራ፣ ስለቱ ትንሽ የደነዘ ይመርጣል። በሁለት ጣቱ ይዞት ገበሩን ከጠርዙ ይፈታል፤ ከዚያ እጅጌውን ከብብት፣ ኮሌታውን ከአንገት፣ ትከሻውን፣ ጎኑን፣ በመጨረሻም የጀርባውን መሃል። ኮት የነበረው ነገር ክምር ቁራጭ ይሆናል።

ቁራጮቹን አንድ በአንድ ያራግፋል። በየስፌቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ብናኝ በጥርስ ብሩሽ ይጠርጋል፣ የክር ስባሪውን በጥፍሩ ይለቅማል፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ በካውያ ይተኩሳል። ከዚያ ይገለብጣቸዋል። ስምንት ዓመት ፀሐይ የመታው፣ ክርኑ ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ፊት ወደ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ አይቶት የማያውቀው ጥቁር ሰማያዊ ፊት ወደ ውጭ ይወጣል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የተገለበጠ ኮት ግራው ቀኝ ይሆናል። የቁልፉ ቀዳዳ ጎን ይቀይራል፤ እሱ ቀላል ነው፣ ቀዳዳው ተዘግቶ ቁልፍ ይሰፋበታል፣ ቁልፉ ራሱ ይሸፍነዋል። መከራው የደረት ኪሱ ነው። በግራ ደረት የነበረው ኪስ ቀኝ ደረት ላይ ቁጭ ይላል። ኪስ ደግሞ ጨርቅ ተሰንጥቆ ነው የሚሠራው፤ ሲነሳ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ትቶ ይሄዳል። ጋሽ ልክ ከዚያው ኮት ትርፍ ጨርቅ አንድ አንድ ክር ይመዛል። በቀጭን መርፌ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፈ ስንጥቁን እንደ ሸማኔ ይሸምነዋል። ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ሲጨርስ መብራት ስር ይይዘዋል፣ በመነጽር ያያል፣ ያለ መነጽር ያያል።

«ልክ!» ይላል።

ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ተማሪ ያወጣው ስም ነው፤ ተማሪ ያወጣው ስም ደግሞ መታወቂያ ላይ ካለው ይበረታል። ሱቁ ሦስት በሁለት ሜትር ስትሆን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ናት፤ መንገዱ ብቻ ነው የሚለያቸው። ከዚያ በፊት በልብስ ፋብሪካ አስራ አንድ ዓመት የግራ እጅጌ ብቻ ሲገጥም ኖሯል። ቀኙን ከሚገጥመው ሰውዬ ጋር ሰላም አይባባሉም ነበር፤ ኮቶቹ ግን ምንም ሳይጎድላቸው ወጥተዋል። ጋሽ ልክ ይህን የሚያወራው ሥራ ከፍቅር ይበልጣል ለማለት ነው።

ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት ከአጥሩ ወዲያ ሰባት የተገለበጡ ኮቶች ነበሩት። ጠዋት ተማሪዎች ሲሰለፉ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ በዓይኑ ይቆጥራቸዋል። ሰባቱ ከሌሎቹ መሃል አይለዩም፤ እንዳይለዩም ነበር የተለፋባቸው። ለሰባቱም እናቶች አንድ ቃል ሰጥቷል፦ ማንም አያውቅም።

ሰባተኛዋ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ሙሉ ዩኒፎርም ያላሟላ ተማሪ የመልቀቂያ ፈተና አይቀመጥም ብሎ ማስታወቂያ በለጠፈ ማግስት መጣች። አብራት የምትሠራ ነርስ ልጇ የጨረሰበትን ኮት ሰጥታት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ወንድሜ፣ ሃያ ዓመት አንሶላ አጥቤያለሁ፤ ጨርቅ አታውቂም አይሉኝም። ይሄ የሞተ ጨርቅ ነው።»

«የሞተው ፊቱ ነው። ጀርባው ገና አልተወለደም» አላት።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ሰብስባ የመጣችበትን ነገረችው። ልጇ በትምህርቱ ማንም አይደርስበትም፤ ግን ሆደ ባሻ ነው። ሰው ሳቀብኝ ካለ ከቦታው ይነሳል፣ ተነስቶ ደግሞ አይመለስም። አባቱም እንደዚያው ነበር፤ አንድ ቀን ሥራ ቦታ ሳቁብኝ ብሎ ወጣ፣ ይኸው እስከ ዛሬ። እሷ የምትፈልገው ልጁ ያችን ፈተና እንዲቀመጥ ብቻ ነው።

«እህቴ፣ አትስጊ። ማንም አያውቅም።»

ልጁን ክፍል ውስጥ አራት ነጥብ ይሉታል። ጭቅጭቅ ሲጦፍ ዝም ብሎ ቆይቶ መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ይናገራል፤ ክርክሩም እዚያ ያበቃል። ሒሳብ ላይ መምህሩ ሲሳሳት ጠመኔውን ተቀብሎ ያርመውና ጠመኔውን መልሶ ይቀመጣል። ኮቱን ሲለካ መስታወት ውስጥ ራሱን አየ፣ እጅጌውን ጎተት አደረገ፣ «አመሰግናለሁ» አለና ወጣ። ከጋሽ ልክ ሱቅ እንደዚያ ቀጥ ብሎ የወጣ ተማሪ የለም።

የጋሽ ልክ ልጅ ሚጡም እዚያው ክፍል ናት። እናቷ ሌላ ከተማ ነርስ ስለሆነች ወር በወር ነው የምትመጣው፤ ሚጡ ያደገችው ሱቁ ውስጥ፣ የቁልፍ ጣሳ እያንኳኳች ነው። ማርኳ መካከለኛ፣ መልኳ መካከለኛ፣ ወንበሯም መሃል ነበር። የምትፈልገው ግን ኋላ ነው። ኋላ ወንበር ላይ አምስት ልጆች አሉ፤ ሱሪ እንዴት እንደሚጠብ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ የትኛው ስልክ ስልክ እንደሆነና የትኛው ባትሪ እንደሆነ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አለቃቸው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ ነው፤ ገና ሳይገባ ስለሚሸት ሽቶ ይሉታል። የኋላ ወንበሮቹ ስልክ ላይ የራሳቸው ቡድን አላቸው። ሚጡ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ቡድን ከጎን ሰው ስልክ ላይ እየሰረቀች ስታነብ ኖራለች።

ከፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀር አምስቱን ሱቅ ይዛቸው መጣች። ሱሪ ሊያስጠብቡ ነው። ጋሽ ልክ አንድ በአንድ ለካቸው። ትርፉን ጨርቅ አልቆርጥም፣ ወደ ውስጥ አጥፌ ነው የምሰፋው፣ የሥነ ሥርዓት መምህሩ ከያዛችሁ በአንድ ሌሊት ይፈታል አላቸው። ሳቁ፤ ወደዱት። ሚጡ ደስታዋ ፊቷን ሊሰነጥቀው ደረሰ። ሽቶ የሱቁን ግድግዳ፣ መቀሶቹን፣ የተሰቀሉትን ኮቶች ሲያይ ቆየ።

«ጋሼ፣ የተገለበጠ ኮት ከሩቅ ያስታውቃል ይላሉ። እውነት ነው?»

ጋሽ ልክ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል የሌላ ሰፊ ከሆነ ያስታውቃል አለ።

«የእርስዎስ?»

«የእኔን እናቱም አትለየው።»

«ራስዎስ?» አለ ሽቶ።

ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የግንበኛ ሥራ ቆሞ ይታያል፣ የአናጢ ሥራ ይዳሰሳል፤ የእሱ ትልቁ ሥራ ግን ማንም ካላየው ብቻ ነው ሥራ የሚሆነው። ሠላሳ ዓመት ለመደበቅ ሲለፋ አንድም ሰው እጅህ ይባረክ ብሎት አያውቅም። ሚጡም እያየችው ነበር። መኪናውን አቆመ።

የተማሪ ኮት እንዳይሆን ተጠንቅቆ መረጠ። የአንድ የባንክ ጸሐፊ ግራጫ ኮት ከመስቀያው አወረደና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እስቲ ፈልጉ አላቸው። አምስቱም አጎነበሱ፤ በስልክ መብራትም አዩት። አላገኙም። ጋሽ ልክ በደስታ አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

«ዓይን እዚህ ላይ ዕውር ነው። የሚያውቀው አውራ ጣት ነው። ቀኝ ደረት ላይ፣ በጥፍሩ ሳይሆን በሥጋው፣ ቀስ ብለህ ከላይ ወደ ታች። አንድ ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ይይዝሃል። እሱ ነው።»

ተራ በተራ አውራ ጣታቸውን አሳለፉ። አምስተኛው ሲያገኘው «ውይ» አለ። ሚጡ ስድስተኛ ሆና ሞከረች። ሽቶ ሲወጣ አባትሽ ሊቅ ነው አላት። የዚያን ዕለት ማታ ስልኳ ጮኸ፤ የኋላ ወንበሮቹ ቡድን ውስጥ አስገብተዋታል።

በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ አዲስ ሰላምታ ተጀመረ። እጅ ትከሻ ላይ ያርፋል፣ እንዴት አደርክ ይባላል፣ አውራ ጣት በቀኝ ደረት ላይ ይንሸራተታል። እስከ እረፍት ድረስ አራት ሰው ተያዘ። አንዱ አብሯቸው ሳቀ፣ ጨዋታው በእሱ ላይ ሞተ። ሁለተኛው የነካውን ልጅ በጥፊ አጮለው፣ ሁለተኛ አልነኩትም። ሦስተኛው የእግር ኳስ ቡድኑ በረኛ ስለሆነ እንዳላዩ አለፉት። አራተኛው አራት ነጥብ ነበር። ምንም አላለም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ክፍል ውስጥ ግን ዝም ያለ ልጅ ክፍት በር ነው፣ ያለፈ ያገደመ ይገባበታል።

ሽቶ አውራ ጣቱን የሰሌዳው ጠርዝ ላይ የተጠራቀመው የጠመኔ ዱቄት ውስጥ ነከረ። «ፊርማ አለብኝ» አለና አራት ነጥብ ደረት ላይ ጫነው። ከኋላው ተሰለፉ። ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው ተራ እየጠበቁ፣ ምስክር ነኝ፣ እኔም ምስክር ነኝ እያሉ ፈረሙበት። ከፈራሚዎቹ አንዷ ሚጡ ናት። ቡድኑ ውስጥ አንድ ቀኗ ነበር፤ ያለ ፊርማ ሁለተኛ ቀን አይኖራትም ነበር። የፊዚክስ መምህሩ ሲገባ ሳቁ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ነገሩት። ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ ታየ። መምህር የሳቀበት ነገር ደግሞ ሕግ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ነጥብ የሚለው ስም ቀርቶ ግልብጥ ተባለ።

እናቱ ኮቱን ስታይ ምን ነካው ብላ አልጠየቀችም፤ አጣቢ ናትና አጠበችው። የምታውቀውን እጥበት ነው ያጠበችው፦ የፈላ ውሃ፣ ብዙ ሳሙና፣ ጠንካራ ጭመቃ። የሆስፒታል አንሶላ በዚህ ይነጻል። የሱፍ ኮት ግን በዚህ ይኮማተራል። ጋሽ ልክ ሁለት ሰዓት የሸመነው ስንጥቅ ተጨማዶ እንደ ጠባሳ ብቅ አለ። አሁን አውራ ጣት አያስፈልገውም፤ ከመንገድ ማዶ ይታያል።

ልጁ ኮቱን በፌስታል ይዞ ሱቅ መጣ።

«ጋሼ፣ ወደ ነበረበት ይመልሱልኝ።»

«የነበረበትማ ያረጀው ነው።»

«ያረጀውን ማንም አይፈትሽም።»

ያን ጊዜ ነው የአውራ ጣቱን፣ የጠመኔውንና የፊርማውን ነገር የነገረው፤ እንደ ሒሳብ ጥያቄ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳይንተባተብ። ጋሽ ልክ ሲሰማ እጁ ላይ የነበረውን መቀስ ማስቀመጫ አጣ። ማን አሳያቸው ብሎ ጠየቀ። ልጁ አየት አደረገውና አንድ ቃል ተናገረ።

«እርስዎ።»

ጋሽ ልክ አዲስ ኮት ልስፋልህ አለው። ልጁ አመሰገነና እንቢ አለ፤ አዲስ ከለበስኩ ደግሞ ከየት አመጣው ይላሉ አለ። ጋሽ ልክ የጨርቁን ነገር አስረዳው። አንድ ጊዜ ሲገለበጥ ከየስፌቱ ትርፍ ግማሹ ተበልቷል፤ እጥበቱ ደግሞ ሁለት ጣት አሳጥሮታል። አሁን መልሰን ብንገለብጠው ስፌቱ የሚይዘው ጨርቅ የለውም፤ ሦስት ክር ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

«ፈተናው አምስት ቀን ነው» አለ ልጁ። «አምስት ቀን ይያዝልኝ።»

ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው እዚህ ላይ አይሆንም ማለት ነበረበት። አላለም። ፈታው፣ ገለበጠው፣ በእጁ ሁለት ድርብ ሰፋው። ገበሩ እጥበቱ ላይ ተበጣጥሶ ስለነበር እናቱ ከሆስፒታል የተወገደ አሮጌ አንሶላ ላከች። አንሶላው ላይ ማህተም አለ፤ ጋሽ ልክ ማህተሙን ወደ ውስጥ፣ ኮቱና ገበሩ መሃል አድርጎ ደበቀው። ሲለካ ኮቱ ልጁ ላይ በግድ ደረሰ። ክፍቱን ልበሰው፣ አትቆልፈው፣ ክንድህንም ወደ ፊት አትዘርጋ አለው። «ልክ» አላለም።

የዚያን ዕለት ሚጡን ጠራትና ኮቷን አውልቂ አላት። በዚያው ዓመት ራሱ የሰፋላት አዲስ ኮት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቀኝ ደረቱን በምላጭ የጣት ርዝመት ሰነጠቀውና መልሶ ይሸምነው ጀመር። ነገ አውራ ጣት ሲመጣ ያንቺንም ያግኝ አላት። ሚጡ አላለቀሰችም። መርፌው ሲመላለስ ቆማ አየችው።

«አባዬ፣ እኔን አይፈትሹኝም እኮ። አውራ ጣቱ ማንን እንደሚነካ ሳይነካ በፊት ያውቃል።»

እሱ የጀመረውን ሸምኖ ጨረሰ። ልክ ነበረች። ያንን ኮት እስከ መጨረሻው ለበሰችው፤ አንድም ሰው አልነካትም።

የፈተናው ጠዋት ጋሽ ልክ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። አራት ነጥብ ሰልፉ መሃል ነው፤ ያረጀውን ኮት ክፍቱን ለብሷል፣ ክንዶቹን ጎኑ ላይ ለጥፏል። እውነትም ማንም አልፈተሸውም። በሩ ላይ የሥነ ሥርዓት መምህሩ ስም ዝርዝር ይዞ እያንዳንዱን ከእግር እስከ ራስ ያያል። ልጁ ዘንድ ሲደርስ በእርሳሱ ወደ ቁልፉ አመለከተ።

«ቆልፍ።»

የላይኛውን ቆለፈ።

«ሁለቱንም።»

ክር ሲበጠስ ይንጣጣል፤ ጨርቅ ሲቀደድ ይጮኻል። ይህ ጮኸ። ጋሽ ልክ ከመንገዱ ማዶ ሰማው። ጀርባው ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተከፈተና ነጩ አንሶላ ወጣ። ማህተሙ ትክክል መሃል ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰልፉ አዙሮ ነበር። ከኋላ የቆመው ሽቶ ጮክ ብሎ አነበበው፣ እንደ መዝገብ ጠሪ።

«የሆስፒታል ንብረት። ከግቢ እንዳይወጣ።»

ሰልፉ እንዳለ ሳቀ። ፈተና የፈራ ተማሪ ሳቅ ካገኘ አይለቅም፤ ሆዱን እየያዘ የተቀመጠም ነበር። የሥነ ሥርዓት መምህሩ ራሱ አፉን በስም ዝርዝሩ ሸፈነ። ከዚያ አስር ደቂቃ ሳይሞላ አሰፍተህ ና አለው፤ ጨካኝ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ልክ ክር የገባበት መርፌ ይዞ መንገዱን እየሮጠ ተሻገረ። መኪና ክላክስ ነፋበት። ልጁ ኮቱን እያወለቀ ወደ እሱ እየመጣ ነበር። ጋሽ ልክ ዙር፣ ሳታወልቀው ላያይዘው፣ ሁለት ደቂቃ ነው አለው። ልጁ ኮቱን አጣጥፎ፣ ማህተሙን ወደ ውስጥ አድርጎ ክንዱ ላይ አኖረለትና አልፎት ሄደ። ጋሽ ልክ ተመለስ እያለ እስከ ማዕዘኑ ተከተለው። እናቱ እንዳለችው ነው፤ ከተነሳ አይመለስም። አምስቱም ቀን አልመጣም።

ሚጡ ሰልፉ ውስጥ ነበረች። አልሳቀችም፣ ዞራም አላየችም። ፈተናውን አለፈች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። ሽቶም አልፏል። ጨዋታው አራት ነጥብ ከሄደ ሳምንት ሳይሞላው ቀረ፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የሚፈትሹት የጫማ ሶል ነው አሉ።

ጋሽ ልክ በዚያ ክረምት አንድ ነገር ሞክሮ ነበር። ለአዲስ ተማሪዎች የሚሰፋቸውን አዲስ ኮቶች ሁሉ ቀኝ ደረታቸውን እየሰነጠቀ ይሸምን ጀመር፤ ሁሉም ጠባሳ ካለው አውራ ጣት ምን ያገኛል ብሎ። አራት ሰፋ። ሦስቱን እናቶቻቸው መለሱ፤ አንዷ አዲስ ጨርቄን አበላሸኸው ብላ ደጃፉ ላይ ሰው ሰብስባ ሰደበችው። አራተኛዋ ዝም ብላ ወስዳ ሌላ ሰፊ ጋ አስቀየረችው። ተወው።

አራት ነጥብ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጎማ ቤት ይሠራል። ጎማ ይፈታል፣ ይገለብጣል፣ የተበሳውን በአውራ ጣቱ ዳብሶ ያገኛል። እጁ ፈጣን ነው፤ ባለቤቱ ይወደዋል። እዚያም ግልብጥ ነው የሚሉት፤ ስሙ ከእሱ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀው። በጋሽ ልክ ደጃፍ ሲያልፍ ሰላም አይልም። እናቱም ከአውቶቡስ ስትወርድ በማዶ በኩል ነው የምታልፈው።

ኮቱ አሁንም ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ጀርባው እንደተከፈተ ነው። ጋሽ ልክ አሁንም ይገለብጣል፤ የሚያስገለብጡ እናቶች አላለቁም። ማንም አያውቅም ማለት ግን ትቷል። የምችለውን እሸምናለሁ ነው የሚለው። ይህን እንድጽፍ ሲፈቅድልኝ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ አንባቢውን አንድ ነገር ጠይቅልኝ አለ።

«ለአምስት ልጅ ብነግር ይሄ ሆነ። ይሄን ያነበበ ሁሉ ደግሞ አሁን አወቀ፤ የት እንደሆነ፣ በምን እንደሚገኝ። መልሼ ላሳውረው አልችልም። እንግዲህ የሰው ትከሻ ላይ እጅህን ስታሳርፍ አውራ ጣትህን እጠፍልኝ።»